ለዓይኔ የመጡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ ቤት ግን ሽማግሌ የመጣው ዓይን ሊጠይቅ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። እኔም ያን ቀን ባልስቅም ዛሬ ሚስቴ ለእንግዳ ስታወራው ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስቃለሁ። አባት ልጆቹ ፊት ዝም ብሎ አይገለፍጥም።

ስሜ ይመር ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር በርና መስኮት እሠራለሁ። አናጢነትን ያስተማረኝ የለም፤ ሰው ሲሠራ ቆሜ እያየሁ፣ ቤቴ ገብቼ እያበላሸሁ ተማርሁት። ንባብም እንደዚሁ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳላነበው አይጣልም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጤና መጽሐፍ ነበር። በእሱ ቤተሰቤን አክማለሁ፤ ጎረቤት ሳይጠይቀኝም እመክራለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት "ሰው ራሱን ይቻል" እያልሁ ነው። ራሱን ችሎ ይነሣ፣ ራሱን ችሎ ይሥራ፣ ሲታመምም ራሱን ችሎ ይዳን ባይ ነበርሁ።

ነገሩ የሆነው አገሩ ለውጥ ለውጥ ሲል ከርሞ ወሬው ሁሉ ወደ ጦርነት በዞረበት ሰሞን ነው። ጦርነቱ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ በደጄ ወደ ሰሜን የሚወጣውን የጭነት መኪና ግን ቀን ከሌት እንሰማው ነበር።

አናጢ ጣውላ መቅናቱን የሚያውቀው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ጠርዙን ሲያነጣጥር ነው። እኔ የማነጣጥረው በቀኜ ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጣውላ አንሥቼ ባነጣጥር ጠርዙ ጉም ውስጥ ገባብኝ። ጣልሁትና ሌላ አነሣሁ። እሱም ጉም ነው። ጣውላ ሻጩን ሰደብሁት። ከዚያ ዓይኔ ቀላ፤ ከውስጥ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ፀሐይ ጠላቴ ሆነች። ከደጄ ላይ ሐይቁ ይታያል፤ ውኃው ላይ ያረፈው ብርሃን ዓይኔን እንደ መርፌ ሲወጋው እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው ሐይቅ አይቶ ያለቅሳል ማለት ነው።

መጽሐፌን ገለጥሁ። ዓይን ሲቀላ የዓይን ቅባት ይቀባል ይላል። ገዝቼ ቀባሁ። አልተሻለኝም፤ ጨምሬ ቀባሁ። ለቤተሰቤ "ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው" አልኋቸው፤ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ሳብ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ሥራው ግን አጋለጠኝ። ለጎረቤቴ ለሐጂ እንድሪስ የሱቅ በር ሠርቼ ሰቀልሁ። በሩ ከላይ ጥርቅም ይላል፤ ከታች ግን ክፍተት ይተዋል። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይመር፣ ይሄን በር ለማን ነው የሠራኸው?"

"ለአንቱ ነዋ።"

"ለእኔና ለድመቷ በለኝ እንጂ! ወላሂ እሷ ከእኔ ቀድማ ነው ሱቅ የምትከፍተው።"

ጣውላው ጠሞ ነው አልሁ። ሐጂም ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

የበኩር ልጄ ብርቱካን አስተማሪ ናት። ዝምታዋ ከእናቷ ነው፤ ግትርነቷን ከማን እንዳመጣች አላውቅም። አንድ ቀን ውኃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሳፈስ አየችኝ።

"አባባ፣ ደሴ እንሂድና ዓይንህን ታይ።"

"በመጽሐፉ እየታከምሁ ነው።"

"መጽሐፉን በየትኛው ዓይንህ አነበብኸው?"

"በግራዬ" አልኋት። አልዋሸሁም። ግራውም ግን መቅላት ጀምሮ ነበር። እሷም አይታዋለች።

ከዚያ በኋላ አልጨቀጨቀችኝም። ልጅ መጨቅጨቅ ሲያቆም አባት መጠርጠር አለበት፤ እኔ ግን አሸነፍኋት ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ነው። ሚስቴ ቤቱን ከወትሮው ቀደም ብላ ጠርጋ፣ የእንግዳ ወንበሮቹን ደርድራለች። "ምን ተገኘ?" ብላት "ቤት አይጠረግም እንዴ?" አለችኝ። ወዲያው በሩ ላይ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ሽማግሎች ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ገቡ። ፊት የንስሐ አባቴ ቄስ አያሌው፣ ከኋላቸው ሐጂ እንድሪስ፣ መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጣው ሹፌር ካሳው። ካሳው ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲራመድ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

"እንደምን አደራችሁ፣ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን።"

በእኛ አገር ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ "አንቀመጥም" ካለ ነገሩ አንድ ነው። ቤት ውስጥ የደረሰች ልጅ አለች፤ ሊጠይቋት መጥተዋል። የለመኑት ካልተሰጣቸው አይቀመጡም፤ ቆመው መጥተው ቆመው ከተመለሱ ለባለቤቱ ነውር ነው። ደግሞ ማን እንደላካቸው የማውቅ መሰለኝ። አንድ ሞተር ሳይክል የሚነዳ አስተማሪ በደጄ ሲመላለስ ከርሟል። ስለዚህ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጀመርሁ። የሚቀድም ሰው ያሸንፋል ብዬ ነው።

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ አልሰጥም!" አልሁ። "ላኪያችሁ ያ ሞተር የሚነዳው ልጅ ነው። ፀጉሩን አውራ ዶሮ አስመስሎ ቆርጦ የሰው ልጅ ይጠይቃል? ሞተሩን እንኳ በወጉ ማቆም አያውቅም፤ የሰው አጥር ላይ ነው የሚያስደግፈው። የሰው አጥር የማያከብር የሰው ልጅ ያከብራል? አገሩ እንዲህ ታምሶ፣ የሰው ልጅ ወደ ጦር ሜዳ እየተጫነ፣ ምን ዓይነት ሰርግ ነው የታሰበው? አንቱስ ሐጂ እንድሪስ፣ እንደ ወንድም የማይዎት ሰው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይቆማሉ? ምን ዝም ይላሉ? መልስ ይስጡኝ እንጂ!"

ከዚያ የሐጂ ድምፅ ካልጠበቅሁት ወገን መጣ።

"ይመር ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ነኝ። አንተ የምትቆጣው የራስህን ጋቢ ነው።"

ቀኝ ዓይኔን አምኜ፣ ምሶሶው ላይ የተሰቀለውን ጋቢዬን ነበር እንደ ሰው ቆሞ አይቼ ስገሥጽ የቆየሁት። ካሳው ሳቁን ለማፈን ሳል ጀመረው። ከጓዳ የብርቱካን ድምፅ ተሰማ።

"አባባ፣ ያ ልጅ እኮ ሚስት አለችው! በደጃችን የሚያልፈው ትምህርት ቤቱ በዚህ ስለሆነ ነው!"

ቄስ አያሌው ግን አልሳቁም። "ይመር" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ልጅህን አልጠየቅንህም።"

"ታዲያ ምን ልትጠይቁኝ ነው?"

"ዓይንህን። ዓይንህን ስጠንና ደሴ ወስደን እናሳየው። ላኪያችን ልጅህ ናት። እንደ ወጉ በየቤታችን መጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ 'አባቴ የእኔን ቃል ባይሰማም የሽማግሌ ቃል አይጥልም' አለችን። ይህን አምና ነው የላከችን።"

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቀጥሎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል ማለት ነው። እኔ ባርኔጣ አጥልቄ ስደበቅ፣ ሰው ሁሉ ስደበቅ እያየኝ ነበር። ቢሆንም ያደግሁበት እልክ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። አባት ለልጅ ጠያቂ የሚሰጠውን የተለመደውን መልስ ሰጠሁ።

"መልካም። ልምከርበትና በሌላ ቀን ተመለሱ።"

"ልጅ ብትሆን ሦስት ጊዜም እንመላለስ ነበር" አሉ ሐጂ። "ይሄ ግን ቀጠሮ የሚሰጥበት ነገር አይደለም። ትናንት እኔን ከጋቢ ለይተህ ታየኝ ነበር፤ ዛሬ አትለየኝም። ነገ ምን ልትሆን ነው?"

"ራሴን እያከምሁ ነው!"

"እያየን ነው" አሉ ሐጂ፣ ጋቢውን እያዩ።

በዚህ መሐል ካሳው ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያቀያይር ጉልበቱ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

"ካሳው፣ ተቀመጥ እንጂ አንተ!" አልሁት።

"ቃል ሳትሰጥ? ነውር አይደለም እንዴ?" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። "ግን ይመሬ፣ እባክህ ቶሎ በልልኝ። እምቢ የምትልም ከሆነ አሁኑኑ በል፤ ከዚህ በላይ ከቆምሁ ቤቴ የሚያደርሰኝ ጉልበት የለኝም።"

ብዙ ሰው ለማይረባ ነገር ተንበርክኬ አላውቅም ሲል እሰማለሁ። እኔ የተሸነፍሁት ለካሳው ጉልበት ነው። ለእኔ ዓይን ብሎ እግሩን እየቀጣ የቆመ ሰው ፊት ምን እልክ ይያዛል?

"እሺ" አልሁ። "ሰጥቻለሁ።"

ካሳው ወንበሩ ላይ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ያጠራጥር ነበር። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሚስቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሰምቶ ብርቱካን ታጨች ብሎ ወሬ ነዛ፤ ያን ወሬ ለማስተባበል ብዙ ደከምን።

በማግስቱ ብርቱካን ጥቁር መነጽር ገዝታ ሰጠችኝ። ሦስቱም ሽማግሎች ጠዋት መነኸሪያ ቆመው አገኘኋቸው። "አንድ ሰው ይበቃኛል" ብላቸው ሐጂ "የተሰጠንን ይዘን ነው የምንሄድ" አሉኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በብርቱካንና በካሳው መካከል፣ ወደ ወንድ ቤት እንደምትወሰድ ሙሽራ ተቀመጥሁ።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ጊዜው ክፉ ስለሆነ ሁሉም ይፈተሻል። አንድ ወጣት ሚሊሻ አንገቱን በበሩ አስገብቶ አየኝ።

"መነጽርዎን ያውልቁ አባቴ።"

አወለቅሁ። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ወደቀ፤ እንባዬ በጉንጬ ወረደ። ልጁ ደነገጠ።

"ኧረ አባቴ፣ አያልቅሱ! ፍተሻ ብቻ ነው እኮ!"

"አላለቀስሁም!"

"አብሽሩ፣ ምንም አይደረጉም። ይለፉ፣ ይለፉ!"

መኪናው ሲነሣ ከኋላ አንዲት ሴት "ውይ፣ ልጁን ጦር ሜዳ ሸኝቶ ነው መሰለኝ" አለች። "ዓይኔን አሞኝ ነው!" ብል "አይዞህ ወንድሜ፣ ወንድ ልጅም ያለቅሳል" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ደሴ እስክንገባ የማላውቃቸው ሰዎች ሲያጽናኑኝ ሄድሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም፤ እንዲህ ተከብሬም እንደማላውቅ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የዓይን ሐኪሟ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አሳየችኝ። ጎልማሳ ሆኜ ተጣጥሬ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝና ለማንበብ ተዘጋጀሁ። ሰሌዳው ላይ ግን ፊደል የለም፤ ሦስት እግር ያለው አንድ ምልክት ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ተደርድሯል።

"ይሄ ምን የሚሉት ፊደል ነው?"

"ፊደል አይደለም አባቴ። እግሩ ወዴት እንደዞረ በእጅዎ ያሳዩኝ።"

"ማንበብ እችላለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ። ዓይንዎን ነው የምፈትነው።"

በግራዬ ደህና ሄድሁ። ከዚያ ግራዬን ሸፈነችውና "አሁን በቀኝዎ" አለች። ግድግዳው ነጭ ጉም ሆነ። የምልክቱ እግር ይቅርና ሰሌዳው የት እንዳለ አላውቅም። ያኔ በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሎቼ አዘኑልኝ። ካሳው በሹክሹክታ "ወደ ላይ፣ ወደ ላይ" አለ። ካሳው ዕድሜውን በከባድ መኪና ሞተር አጠገብ የኖረ ሰው ነው፤ ሹክሹክታው ግቢ ውስጥ ይሰማል።

"ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ቀኝ ነው" አሉ ሐጂ።

"በማን ቀኝ?" አሉ ቄሱ።

ሐኪሟ ዞረች። "ይቅርታ፣ ታካሚው ስንት ሰው ነው?"

እጄን ወደ ላይ ባነሣ ያልፋል ብዬ ለቅጽበት አሰብሁ። ግን ልጆቼን በውሸት ፈተና እንዳያልፉ የገረፍሁ ሰው ነኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁና "አላይም" አልሁ።

ብርቱካን ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ሽማግሎቹ መንሾካሾክ አቆሙ። "ምንም አላይም" ብዬ ደገምሁት። ሐኪሟም "ጥሩ፣ አሁን መሥራት እንችላለን" አለችኝ።

አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አስደግፋ በቀጭን ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቀጥላ "ያስልዎታል? ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሱሪዎን እስከ ጉልበት ከፍ ያድርጉልኝ" አለች።

"ልጄ፣ ዓይኔ ያለው ላይ ነው።"

"የዓይንዎ ሕመም መነሻው ዓይንዎ ላይሆን ይችላል።"

ቅልጥሜ ላይ ቀላ ያሉ እብጠቶች ነበሩ። ትንፋሽ የሚያጥረኝን በእርጅና፣ እብጠቱን በትንኝ አመካኝቼ ነበር። ካሳውም ከበሩ "ጉልበት የምታዩ ከሆነ የእኔንም..." ሲል ቄሱ በዱላቸው ጎሰሙት።

ብሌኔ ከበስተኋላው ካለው፣ ሌንስ ከሚሉት የዓይን መስታወት ጋር መጣበቅ ጀምሯል አለችኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እንደተጣበቀ ቀርቶ ብርሃኔ ሊጠፋ ይችል ነበር። ጠብታውን እዚያው ጀመረችልኝ። ደሴ የካሳው እህት ቤት ሰነበትሁ። ደረቴ ራጅ ተነሣ፤ ደሜ ታየ። እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ነውና እሱ አለመሆኑ ተጣራ። ከቆዳዬም ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ተመረመረ። በመጨረሻ ስሙ ተነገረኝ፤ ሳርኮይዶሲስ። መጽሐፌ ውስጥ የለም።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ የሰውነት ጠባቂዎች ምክንያቱ በውል ባልታወቀ ሁኔታ እየተሰበሰቡ በሳንባ፣ በቆዳ፣ በዓይን ውስጥ እብጠት ይሠራሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እኔ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። ጠላት በሌለበት ኬላ ዘርግቶ የራሱን ሰው የሚያጉላላ ሚሊሻ ዓይኔ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እንዲህ ብላት ሳቀችና "ልክ ነው፣ ኬላውን እናስነሣለን" አለችኝ። አንድ ነገርም አጥብቃ ነገረችኝ። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ዓይኑን ባያመውም፣ ባይቀላም መታየት አለበት፤ አንዳንዱን ሳያመው ነው ብርሃኑን የሚወስድበት።

ቤቴ ስመለስ አለቃዬ ብርቱካን ሆነች። "አባባ፣ ቀና በል!" ስትለኝ ቀና እላለሁ። "አትጭመቅ፣ አትሸው!" ስትለኝ አልሸውም። የብሌን ማስፊያው ጠብታ ዓይኔን የጉጉት ዓይን አስመሰለው። የሚዋጠው ክኒን ደግሞ የምግብ ፍላጎቴን ከፍቶት ጉንጬ ሞላ፤ ሰው ሁሉ በዚህ የኑሮ ውድነት ይመር ምን እየበላ ነው አለ። ሐጂም በሩን ላስተካክልላቸው ብል እምቢ አሉኝ፤ ድመቷ አይጥ ጨርሳላቸዋለች።

ጉሙ የለቀቀኝ ቀስ በቀስ ነው። አንድ ጠዋት ጣውላ አንሥቼ ባነጣጥር ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየኝ። ጠማማ ነበር። ጠማማነቱን በማየቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ጣውላ የለም።

ቀኝ ዓይኔ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ጥግ ላይ ትንሽ ጥላ ቀርታለች። ሐኪሟ ቀደም ብዬ ብመጣ ምናልባት እሷም አትኖርም ነበር አለችኝ። እናንተ አባቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልጆቻችሁን ራስን መቻል አስተምሩ፤ እኔም አሁንም አስተምራለሁ። ነገር ግን ራሱን የቻለ ሰው ማለት የማያየውን "አላይም" ማለት የሚችል ሰው ነው ብላችሁ ጨምሩበት። መጽሐፍም አንብቡ፤ መጽሐፉ ግን ዓይናችሁን አያይላችሁም። ልጃችሁ ሽማግሌ ከላከችባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ለምን እንደመጡ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ከሐይቅ ወደ ደሴ በእግራችን ወጣን፤ መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል። ሚስቴ ትንሹን ልጃችንን ይዛ፣ እኔ ፊት ፊት እየሄድሁ፣ የሚረገጠውንና የማይረገጠውን እየለየሁ እመራቸው ነበር። መሐል ላይ ብርቱካን እጄን ጎተተችኝ።

"አባባ፣ የጠብታህ ሰዓት ደርሷል።"

"እዚህ? በዚህ ሰው መሐል?"

"ቀና በል።"

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ፊቴን ወደ ሰማይ አቀናሁ። ጠብታው ገባ፤ ከዓይኔም ፈሰሰ። ጓዟን በአናቷ የተሸከመች አንዲት አሮጊት ፊቴ ቆመች።

"አላህ ዱዓህን ይቀበልህ ልጄ" አለችኝ።

እንዳላታልላት ብዬ "እናቴ፣ ዱዓ አይደለም፣ የዓይን መድኃኒት ነው" አልኋት።

ጓዟን አስተካከለችና "ታዲያ እሱም ይቀበልህ። አይተህ ምራቸው" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

"አሜን" አልሁ። ብርቱካንም "አትናገር፣ ግራው ይቀራል" አለችኝ።